ክሩ ከየት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሹራብ፣ ፈትልና ስፌት በሕፃናት ሥዕላዊ መጻሕፍት

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ ከሚጽፉ፣ ከሚሥሉ፣ በጨርቅ ከሚሰፉና ከልጆች ጋር ከሚያነቡ አንባቢዎች የደረሱን ናቸው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሹራብ የምትሠራ አያት ሥዬ ረቂቁን ሹራብ ለምትሠራ ሴት አሳየኋት። «ይህቺ አያት እኮ ምንም እየሠራች አይደለም» አለችኝ። መርፌዎቹ አሉ፣ ክሩ አለ፣ ሹራቡም አለ። ታዲያ ምን ጎደለ? (ሠዓሊ)

መልስ፦ ሥዕልዎን ባናየውም ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት ቦታ አይወጣም፤ ወይ መርፌዎቹ ላይ ነው፣ ወይ የክሩ መነሻ ላይ፣ ወይ የሹራቡ ገጽታ ላይ።

በብዙ መጻሕፍት ሁለቱ መርፌዎች በተሠራው ሹራብ ላይ ተሰክተው ይታያሉ። በእውነተኛው ሥራ ግን ሹራቡ ነው ከመርፌው ላይ የሚንጠለጠለው። የግራው መርፌ ገና ያልተሠሩትን ቀለበቶች ይይዛል፣ የቀኙ ደግሞ አሁን የተሠሩትን። ሹል ጫፎቻቸው ከሠሪዋ ደረት ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ቀለበት እንዳያመልጥ የሚያግደው ድቡልቡል ጫፍ በየክርኗ አቅጣጫ ይሆናል። የቀኙ መርፌ በግራው የመጀመሪያ ቀለበት ውስጥ ገብቶ ከግራው ኋላ ይሻገራል። እጆቿም ከጫፎቹ የሁለት ሦስት ጣት ርቀት ላይ ናቸው። መርፌውን መጨረሻው ላይ ጨብጣ የምትታይ አያት በዚያ አያያዝ አንዲት ቀለበት እንኳ ማውጣት አትችልም።

ዋናው ግን ክሩ ነው። ከድቡልቡሉ ክር የሚመጣው ጫፍ የሚገባው አሁን በተሠራችው የመጨረሻ ቀለበት፣ ማለትም በቀኙ መርፌ ጫፍ አጠገብ ነው። ከዚያ በአንድ ጣት ላይ ያልፍና ወደ ቅርጫቱ ይወርዳል። ክሩ ከሹራቡ ታች ወጥቶ ወደ ድቡልቡሉ እንዲሄድ አድርጎ መሣል እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው። ታችኛው ጠርዝ ሥራው የተጀመረበት ስለሆነ እዚያ ሊታይ የሚችለው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የተንጠለጠለ ትርፍ ክር ብቻ ነው። ሥዕሉን ሲጨርሱ ጣትዎን ከቅርጫቱ አስነሥተው በክሩ ላይ ይሂዱ፤ ጣትዎ መርፌው ጫፍ ላይ ካልደረሰ ሥዕሉ ይታረም። ልጆችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ መስመር ካዩ በጣታቸው ይከተሉታል።

ወደ ገጽታው ስንመጣ፣ በለስላሳው ፊት እያንዳንዷ ቀለበት የተገለበጠ ‹ለ› ትመስላለች። እነዚህ ‹ለ›ዎች አንዱ በአንዱ ራስ ላይ ቀጥ ብለው ይደረደራሉ፤ እንደ ጡብ ግድግዳ ተዛንፈው አይቀመጡም። በጀርባው በኩል ደግሞ አግድም የተደረደሩ ትናንሽ ጉብታዎች ይታያሉ። በለስላሳው አሠራር ብቻ የተሠራ ሹራብ ዳር ዳሩ ወደ ኋላ፣ ላይና ታቹ ደግሞ ወደ ፊት ይጠቀለላል። ስለዚህ ጠርዙ ዝርግ የሆነ፣ ሙሉው በ‹ለ› የተሞላ የአንገት ልብስ ከሣሉ በእውኑ ዓለም የሌለ ነገር ሥለዋል። ጀማሪ የሚሠራው የአንገት ልብስ በሁለቱም ፊት ጉብታ ያለው ነው፤ እሱን መሣልም ይቀላል፣ ሞገድ መሰል አግድም መስመሮች ይበቁታል።

ስለ ብዛቱም እንንገርዎ። በመካከለኛ ክርና በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ ሲሠራ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ወደ 22 ቀለበት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ደግሞ ወደ 30 ረድፍ ይይዛል። ስለዚህ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአንገት ልብስ 44 ቀለበት አለው ማለት ነው። ሁሉንም ይሣሉ አንልም። ጥቂት ቀለበት ብቻ መሣል ከፈለጉ ግን ክሩንም መርፌውንም አወፍሯቸው፤ በ10 ሚሊ ሜትር መርፌ የተሠራ ያንኑ ስፋት 16 ቀለበት ገደማ ይሞላዋል። ቀጭን መርፌ ላይ ሰባት ወፋፍራም ቀለበቶች ካሉ ዐይን ወዲያው ይጠረጥራል።

ጥሩ አርአያ ከፈለጉ ጀርመናዊው ማስተር በርትራም እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1410 ባለው ጊዜ ገደማ የሠራውንና ሐምቡርግ ኩንስትሃለ ሙዚየም የሚገኘውን የቡክስተሁደ መንበር ሥዕል ይመልከቱ። እመቤታችን ለልጇ ያለ ስፌት ወጥ የሆነ ልብስ ስትሠራ ትታያለች፤ የአንገቱን ዙሪያ ይዛ የምትሠራው በአራት መርፌ ነው። ዙሪያውን የሚሠራ ሹራብ በቀጥ ያሉ መርፌዎች ሲሠራ ቀለበቶቹን በበርካታ መርፌዎች ላይ ማከፋፈል ይጠይቃል። የሹራብ ሥራን ያየ ሰው ያንን ሥዕል አይቶ የሚያርመው ብዙ አያገኝም።

ጥያቄ፦ በታሪኬ ውስጥ የልጁን ሹራብ ጫፍ ሚስማር ይይዘዋል፣ ልጁ ሲሮጥ ሹራቡ ከታች ጀምሮ እየተተረተረ ያልቃል። አርታኢዬ «እንዲህ አይሆንም» አለች። እውነቷን ነው? (ደራሲ)

መልስ፦ ግማሽ እውነት አላት። ሹራብ የሚተረተረው ሥራው ካለቀበት ጫፍ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ከላዩ ባለው ረድፍ ተይዟል፤ የመጨረሻው ረድፍ ግን ከላዩ የሚይዘው ስለሌለ አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ በማሳለፍ ይዘጋል። ያ መዝጊያ ሲፈታ ሁሉም በተራው ይለቃል። ብዙ ሹራብ ከወገብ ተጀምሮ ትከሻ ላይ ስለሚያልቅ ከታች ቢጎትቱት አይተረተርም፤ ክሩ ይጠብቅና ይሰበሰባል። ሚስማሩ መሐል ላይ ክር ቢበጥስ ደግሞ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ቀለበቶች ተራ በተራ እያመለጡ እንደ መሰላል ያለ ቀዳዳ ይከፈታል።

ታሪክዎን ለማዳን አንድ ገጽ ይበቃል። አያትየው ሹራቡን ከአንገት ጀምራ ወደ ታች እንደሠራችው ያሳዩ፤ ይህ የታወቀ አሠራር ነው። ያኔ የሥራው መጨረሻ ወገቡ ላይ ይሆናል፣ ሚስማሩም የያዘው የመዝጊያውን ጫፍ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ለታሪክዎ ይመቻል። የደረቱ ዙሪያ 64 ሴንቲ ሜትር የሆነ የልጅ ሹራብ አንዱ ዙር 140 ቀለበት ገደማ አለው፤ ይህም ወደ 2 ሜትር ክር ይወስዳል። ከወገብ እስከ ብብት ያለው 30 ሴንቲ ሜትር 90 ዙር ነው። እንግዲህ ልጁ 180 ሜትር ሲሮጥ ሹራቡ ብብቱ ድረስ ያልቃል፣ እጅጌዎቹ ግን ይቀራሉ፤ ለብቻቸው የተሠሩ ናቸውና። ባዶ ሆዱን፣ ሁለት እጅጌና አንገት ብቻ ለብሶ የቆመ ልጅ ሙሉው ካለቀበት ልጅ ይልቅ ጥሩ ሥዕል ይወጣዋል ባዮች ነን።

ሁለት ነገር ይጨምሩ። የተተረተረ ክር ቀጥ አይልም፤ የቀለበቶቹን ቅርጽ ይዞ የተጠማዘዘ ይሆናል። አያትየው መልሳ ልትሠራበት ከሆነ በወንበር ጀርባ ላይ ጠቅልላ ቱባ ታደርገዋለች፣ አራት ቦታ ላይ በላላ ክር ታስረዋለች፣ ለብ ባለ ውኃ ታጥበውና ታሰጣዋለች። ሌላው ደግሞ ባለ 50 ግራም ድቡልቡል 120 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ180 ሜትር ሩጫ ውስጥ ቢያንስ አንድ መቀጠያ ያጋጥማል። እዚያ ላይ ክሩ ይይዛል። ልጁም ለአንድ አፍታ ገታ ብሎ ዘወር ሊል የሚችልበት ቦታ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ እንዝርት ወግቷት መቶ ዓመት የተኛችውን ልዕልት ተረት በሥዕል እያዘጋጀን ነው። የፈትል መዘውር ሥለን ስናበቃ የሚወጋ ነገር አጣንበት። የቱ ላይ ነው የተወጋችው? (የሁለት ሰዎች የሥራ ቡድን)

መልስ፦ ልክ ናችሁ፤ በሣላችሁት መዘውር ላይ የሚወጋ ነገር የለም። በእግር የሚረገጠውና በብዙ ሥዕሎች የምናየው መዘውር ክሩን የሚያከረውና የሚጠቀልለው ፍላየር በሚባል፣ ሁለት ክንድና ትናንሽ መንጠቆዎች ባሉት እንጨት ነው። ክሩ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ይጠቀለላል እንጂ ሹል ጫፍ አያስፈልገውም። ፍላየር በአውሮፓ የታየው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የእግር መርገጫው ደግሞ ከዚያ በኋላ መጣ።

የሚወጋው የቀድሞው ዓይነት ነው። ትልቁ ጎማ በእጅ ይዞራል፣ በማሰሪያ ገመድ አማካይነት በአግድም የተቀመጠ የሾለ እንዝርት ያዞራል፤ ፈታዪዋ ቆማ በአንድ እጇ ጎማውን ትገፋለች፣ በሌላው እጇ ባዘቶውን ይዛ ወደ ኋላ ትሳባለች። ከሁሉም የሚቀለው ግን መዘውሩን ትቶ በእጅ የሚሾር እንዝርት መሣል ነው። ዘንጉ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብ ክብደት ያለው፣ ክሩ ዘንጉ ላይ የተጠቀለለ። በአሮጊቷ እጅ ላይም ይታያል፣ ልዕልቲቱ ልትነካው ስትል የሚወጋትም ግልጽ ይሆናል።

በነገራችን ላይ፣ የተሸለተ ጠጉር በአንድ ገጽ፣ ክር በሚቀጥለው ገጽ የሚያሳዩ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። መሐሉ ላይ ጠጉሩ ይታጠባል፣ ቅባቱ ይወጣል፣ ይበዘታል፣ ከዚያ ነው የሚፈተለው። አንዲት ትንሽ ሥዕል ብትጨምሩ ልጁ ነገሩን ይረዳዋል።

ጥያቄ፦ በኪሮሽ የሚሠራና በሁለት መርፌ የሚሠራ በሥዕል እንዴት ይለያል? (ሠዓሊ)

መልስ፦ ኪሮሽ አንድ መንጠቆ ነው፣ በአብዛኛውም መንጠቆው ላይ ያለችው አንዲት ቀለበት ብቻ ናት። ሥራው ከመንጠቆው በታች በእጅ ተይዞ ይታያል፤ በረድፍ የተደረደረ ቀለበት የለበትም። ዘመንም ይጠብቁ፤ ኪሮሽ በአውሮፓ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ የመካከለኛው ዘመን ንግሥት እጅ ላይ አይቀመጥም።

ጥያቄ፦ ለስምንት ወር ልጄ የጨርቅ መጽሐፍ መስፋት እፈልጋለሁ። የልብስ ስፌት መኪና አለኝ፣ መጽሐፍ ግን ሰፍቼ አላውቅም። ስንት ጨርቅ ያስፈልገኛል? ገጾቹስ እንዴት ይቀመጣሉ? (እናት)

መልስ፦ ስምንት ገጽ፣ እያንዳንዱ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ለሕፃን እጅ ይመጥናል። የሚያስፈልግሽ 32 በ17 ሴንቲ ሜትር የተቆረጡ አራት የጥጥ ጨርቆች ናቸው፤ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ተይዟል። መሐል የሚገቡ 30 በ15 የሆኑ ሁለት ስስ የሙሌት ጨርቆችም ይኑሩሽ። ሳትቆርጪ በፊት ሁሉንም ጨርቅ እጠቢና ተኩሺ። ጥጥ በመጀመሪያ እጥበት ይሸበሸባል፣ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይለቃል፤ ከተሰፋ በኋላ ቢሆን ገጹ ተጣምሞ ይቀራል።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት የገጾቹ አቀማመጥ ላይ ነው። ሥዕሎቹን ተራ በተራ ከሰፋሽ መጽሐፉ ሲታጠፍ ተዘበራርቀው ይመጣሉ። አራቱን ጨርቆች ዘርጊና በመሐላቸው መስመር አስምሪ። የመጀመሪያው ላይ በግራ 8፣ በቀኝ 1 ጻፊ። ሁለተኛው ላይ በግራ 2፣ በቀኝ 7። ሦስተኛው ላይ በግራ 6፣ በቀኝ 3። አራተኛው ላይ በግራ 4፣ በቀኝ 5። አንደኛውና ሁለተኛው ጀርባ ለጀርባ ይጋጠማሉ፤ ሦስተኛውና አራተኛውም እንዲሁ። መርፌ ከማንሣትሽ በፊት በወረቀት ቆርጠሽ አጥፈሽ ሞክሪው።

ቅርጾቹን ጨርቆቹ ሳይጋጠሙ ስፊያቸው፣ ያለዚያ ስፌቱ በሌላው ገጽ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ገጽ ጠርዝና ከመሐል መስመሩ 2 ሴንቲ ሜትር ራቂ። የጥጥ ቅርጽ ከሆነ ዳሩን 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፈሽ ዘምዝሚው። ከዚያ የእያንዳንዱን ጥንድ ሁለት ጨርቆች ፊት ለፊት አጋጥመሽ ሙሌቱን ላያቸው ላይ አድርጊ፣ ዙሪያውን ስፊና በታች በኩል 7 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዪ። ማዕዘኖቹን በሰያፍ ቁረጪያቸው፤ ካልቆረጥሽ ሲገለበጥ ጫፉ ይድበለበላል። ገልብጠሽ ተኩሺ፣ ክፍቱን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ዙሪያውን ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብለሽ ስፊ። በመጨረሻ ሁለቱን ተሰፍተው ያለቁ ጥንዶች ደራርበሽ፣ 4 እና 5 ወደ ላይ ሆነው፣ መሐሉ ላይ ሁለቴ ስፊበት። እዚህ ላይ ውፍረቱ ስለሚጨምር ቁጥር 90 ወይም 100 የመኪና መርፌ ተጠቀሚ፣ ስፌቱንም ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር አርዝሚው። በቀጭን መርፌ ከሞከርሽው ወይ ይሰበራል ወይ ስፌት ይዘላል።

አሁን ጠንከር ብለን የምንናገረው አለ። ቁልፍ፣ ዶቃና የሚለጠፍ የፕላስቲክ ዐይን አታድርጊበት። ለሕፃናት መጫወቻ መለኪያ የሚሆነው ቀዳዳ ስፋቱ 3.17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በዚያ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ጉሮሮ ላይ ሊያንቅ ይችላል። ዐይንና አፍንጫ በጥልፍ ክር ይጠለፉ። የሹራብ ክር ለፀጉርና ለጅራት የሚያምር ቢሆንም ለዚህ ዕድሜ አንመክረውም፤ የላላ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል፣ ልጁ የሚያለቅስበት ምክንያትም ቶሎ አይገኝም። ማንጠልጠያ ካስፈለገሽ ከ22 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ይሁን፣ ሁለቱም ጫፉ ስፌቱ ውስጥ ይግባ። ስታስረክቢው እያንዳንዱን ቅርጽ በኃይል ጎትተሽ ፈትኚ፣ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላም ድገሚው።

መጽሐፉ እንደሚታኘክ ማወቅ ይገባል፤ የጨርቅ መጽሐፍም የመጣው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 በለንደን የተቋቋመው ዲንስ ራግ ቡክ የተባለው ድርጅት ሥራው የሚታጠቡና የማይቀደዱ የጨርቅ መጻሕፍትን ማተም ነበር።

ጥያቄ፦ የመጽሐፌን ሥዕሎች በእውነተኛ ሹራብና ጥልፍ ሠርቼ ፎቶ አንሥቼ ማሳተም እፈልጋለሁ። በካሬ ወረቀት የነደፍኩት የልጅ ፊት ሲሠራ ተጨፍልቆ ወጣ። ሌላስ ምን ይጠብቀኛል? (ሹራብ ሠሪ)

መልስ፦ የተጨፈለቀው የሹራብ ቀለበት ካሬ ስላልሆነ ነው፤ ከቁመቷ ስፋቷ ይበልጣል። 22 ቀለበትና 30 ረድፍ እኩል 10 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ፣ በወረቀት 24 በ24 ካሬ የሆነ ፊት ሲሠራ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 8 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል። 11 በ11 እንዲሆን 24 ቀለበት በ33 ረድፍ ይንደፉ። በራስዎ ክርና መርፌ መጀመሪያ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ሠርተው፣ አጥበው፣ ካደረቁ በኋላ መሐሉን 10 ሴንቲ ሜትር ይቁጠሩ። ዳሩ ስለሚጠብና ስለሚሰፋ እሱን አይለኩ።

ስካነር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መስተዋቱ ሹራቡን ይጨፈልቀዋል፣ ጥላው ይጠፋል፣ የሚያምረው ነገር ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ፎቶ አንሡት። ዋናው ብርሃን ከጎን፣ ዝቅ ብሎ ይምጣ፤ በሌላው ጎን ነጭ ካርቶን ያቁሙ። ቀጥታ ከላይ የሚወርድ ብርሃን ጥልፍን የታተመ ያስመስለዋል። ፎቶው በሚታተምበት ልክ በኢንች 300 ነጥብ ይኑረው። ቀጭን ሽመና ፎቶ ላይ ቀለማት ያሉት የሞገድ መስመር ካመጣ የጨርቁ ድርና ማግ ከካሜራው ነጥቦች ጋር ስለተጋጨ ነው፤ ካሜራውን ትንሽ ያዘንብሉት ወይም ርቀቱን ይለውጡ።

በየጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ይተዉ፣ ማተሚያ ቤቱ ዳሩን ይቆርጣልና። ፊትና እጅ ከመሐል እጥፋቱ ቢያንስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። ጥልፉን ፎቶ ሳይነሣ ከወጠሩበት ክብ አያውጡት። ሥዕላዊ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ ስለሆነ፣ አንድ ሥራ ሦስት ሳምንት የሚፈጅብዎ ከሆነ ሙሉውን በሹራብ ከመሥራት ገጸ ባሕርያቱን ብቻ ሠርቶ በተለያየ የጨርቅ መደብ ላይ እያዟዟሩ ማንሣት ይሻላል። ክንድና እግሩ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ካስገቡለት አንዱ አሻንጉሊት ለሁሉም ገጽ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ስለ ክር የሚያወሩ መጻሕፍት ካነበብን በኋላ ልጆቹ «እኛም እንሥራ» ይላሉ። ከየትኛው ዕድሜ ምን ይቻላል? (የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት)

መልስ፦ በሦስትና በአራት ዓመት ካርቶን ላይ ክር ማሳለፍ ይበቃል፤ ቀዳዳዎቹ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑራቸው፣ 2 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፣ የክሩን ጫፍ በፕላስተር ጠቅልለሽ አጠንክሪው። በአምስትና በስድስት ዓመት በጣት ሹራብ መሥራት ወይም በካርቶን ላይ መሸመን ይችላሉ። 15 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ላይና ታቹን በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ሰንጥቀሽ ድሩን ወጥሪ። የሚገጥማችሁ ችግር አንድ ነው፤ መሐሉ እየጠበበ ይሄዳል። ልጆች ማጉን ቀጥ አድርገው ስለሚስቡት ነው። ማጉን በቅስት አስቀምጠው ከዚያ በሹካ ወደ ታች እንዲጠቀጥቁት አሳዪያቸው።

ሁለት መርፌ ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ ይሁን፤ 5 ሚሊ ሜትር የእንጨት መርፌ፣ ፈዛዛ ቀለም ያለው ወፈር ያለ ክር፣ 15 ቀለበት። ጥቁር ክር ላይ ቀለበቱ አይታይም፣ የብረት መርፌ ላይ ደግሞ ያመልጣል። የልጁ ሥራ ከ15 ተነሥቶ 20፣ ከዚያም 24 እየሆነ ከሰፋ ምክንያቱ ረድፉ መጀመሪያ ላይ ነው። ክሩ በመርፌው ላይ ተሻግሮ ወደ ኋላ ሲሳብ የመጀመሪያዋ ቀለበት ሁለት እግሯ ወደ ላይ ይወጣና ሁለት ትመስላለች፤ ልጁም ሁለቴ ይሠራታል። በየረድፉ መጀመሪያ ክሩን ከመርፌው በታች አሳልፎ ወደ ኋላ እንዲያደርገው አስለምጂው፣ በየረድፉ መጨረሻም ቀለበቶቹን ጮክ ብሎ ይቁጠር። 16 ካገኘ ያን ረድፍ ብቻ መፍታት ይበቃል።